98 ዶላር ይሻላል ወይስ 585? ስለ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያ ለጠየቀችኝ እህት

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔና ባለቤቴ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ 11 ዓመት በኪራይ ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን። አሁን በስንት መከራ ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያ) የሚሆን አጠራቅመን ቤት እያየን ነው። ሁለት ቤት ልባችን ገብቷል። አንዱ አሌክሳንድሪያ ያለ ኮንዶ ነው። ዋጋው 365 ሺህ ዶላር ሲሆን የወር ክፍያው 585 ዶላር ነው። ሌላው ዉድብሪጅ ያለ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ነው። ዋጋው 445 ሺህ፣ ኤችኦኤው ግን 98 ዶላር ብቻ። ባለቤቴ ‹ቤት ገዝቼ ደግሞ በየወሩ 585 ዶላር ኪራይ ልከፍል ነው?› ብሎ ስለ ኮንዶው መስማት አይፈልግም። ኤጀንታችንም ‹98 በጣም ቆንጆ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ› ትለናለች። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ክፍያው ተገቢ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል? እባክዎ ሳንፈርም ይድረሱልን።
ግራ የገባት፣ ከቨርጂኒያ»

እህቴ፣ እንኳንም ልብሽ አላረፈ። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ቁልፍ ከተረከበ በኋላ ነው። አንቺ ቀድመሽ ጠይቀሻል።

98 ርካሽ፣ 585 ውድ ብሎ ከቁጥሩ ብቻ መፍረድ አይቻልም። እኔ የማንኛውንም ማኅበር ክፍያ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ነገ ለሚያረጀው ጣሪያ፣ ለሚሰነጠቀው አስፋልት፣ ለሚበላሸው ሊፍት ዛሬ ገንዘብ እየተቀመጠ ነው ወይ? እየተቀመጠ ከሆነ 585ም ተገቢ ሊሆን ይችላል። እየተቀመጠ ካልሆነ 98ቱ ዶላር ውስጥ ያልታየ ዕዳ አለ። ቤቱን ስትገዢ ዕዳውንም አብረሽ ትገዢዋለሽ።

ዕድር ታውቂያለሽ። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል። ካዝናው ውስጥ ገንዘብ ካለ ሐዘን የመጣ ዕለት ድንኳኑም ወንበሩም ምግቡም ይሟላል፣ ማንም አይደናገጥም። ካዝናው ባዶ ከሆነ ግን ገንዘብ ያዡ በየቤቱ እየዞረ «ተጨማሪ አዋጡ» ማለቱ አይቀርም። መዋጮው ትንሽ ስለሆነ ብቻ «ጥሩ ዕድር ነው» የሚል ሽማግሌ አላየሁም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ካዝናው ነው። ኤችኦኤም ያው ነው። ካዝናው «ሪዘርቭ» ይባላል። ካዝናው ሲጎድል በየቤቱ የሚላከው ተጨማሪ መዋጮ ደግሞ «ስፔሻል አሰስመንት» ይባላል። እነዚህን ሁለት ቃላት በደንብ ያዣቸው።

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያ ቤቴ ኮንዶ ነበር። የመረጥኩት ክፍያው ከአካባቢው ሁሉ ዝቅ ያለ ስለነበር ነው። ገብቼ ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሣጥኔን ከፈትኩ። ቀጭን ነጭ ፖስታ ነበር። ማስታወቂያ መስሎኝ ልጥለው ነበር። ውስጡ አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ። የምድር ቤቱ ጋራዥ ኮንክሪት መጠገን አለበት፣ የእኔ ድርሻ 9,400 ዶላር ነው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወይም በ24 ወር ከፍሎ መጨረስ ይቻላል ይላል። ደረጃው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ዓመት እናቴን ለማየት አገር ቤት ልሄድ ቲኬት እያየሁ ነበር። ቀረሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ከወራት በኋላ ቤቱን ስገዛ የተሰጠኝን ወፍራም ሰነድ አውጥቼ አገላበጥኩት። ገጽ 41 ላይ፣ በቦርዱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ፣ «የጋራዡ ወለል የመሐንዲስ ግምገማ ያስፈልገዋል፣ ለጊዜው ይተላለፍ» የሚል አንድ መስመር ተጽፏል። ተነግሮኝ ነበር ማለት ነው። እኔ አላነበብኩትም።

አሁን ወደ እናንተ ሁለት ቤቶች እንምጣ።

ባለቤትሽ «ኪራይ ነው» ያለው ነገር ግማሹ ትክክል ነው። ይህ ክፍያ የባንኩ ዕዳ ካለቀ በኋላም አይቆምም፣ ከዓመት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ በቤታችሁ ውስጥ ያላችሁን ድርሻም አያሳድግም። በምትኖሩበት ቤት ላይ ከፌዴራል ግብር የሚቀነስ ወጪም አይደለም። ይህን መዘንጋት አይገባም።

ሌላው ግማሽ ግን በሒሳብ መታየት አለበት። በሁለቱ ቤቶች መሀል ያለው የዋጋ ልዩነት 80 ሺህ ዶላር ነው። እኩል ዳውን ፔይመንት ብታደርጉና ወለዱ 6.5 በመቶ፣ ጊዜው 30 ዓመት ነው ብንል፣ በ80 ሺህ ዶላር ብድር ላይ የሚመጣው የወር ክፍያ 506 ዶላር ገደማ ነው። የማኅበሮቹ ክፍያ ልዩነት ደግሞ 487 ዶላር ነው። እንግዲህ በወር ከኪሳችሁ የሚወጣው ገንዘብ ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። ባንኩም የመክፈል አቅማችሁን ሲለካ የማኅበሩን ክፍያ ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሩ ክፍያ) ጋር ደምሮ ነው የሚያየው። በታውንሃውሱ የምትከፍሉት ከፊሉ ዋናውን ብድር ስለሚቀንስ የእናንተው ሆኖ ይቀራል። የባለቤትሽ ነጥብ እዚህ ላይ ያሸንፋል።

ነገር ግን 585ቱ ምን ምን ይሸፍናል? ኮንዶ ላይ በአብዛኛው የእናንተ ንብረት ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያለው ነው። ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው፣ ኮሪደሩ፣ ሊፍቱ፣ ዋናው የቧንቧ መስመር የጋራ ነው። የሕንፃው ኢንሹራንስም በማኅበሩ በኩል ነው። ውሃና ቆሻሻ ብዙ ጊዜ ክፍያው ውስጥ ይካተታሉ። ቆየት ባሉ ሕንፃዎች ደግሞ ማሞቂያውና ጋዙ፣ አንዳንዴም መብራቱ ሳይቀር አብሮ አለ። ወረቀት ላይ ዘርዝሪውና ታውንሃውሱ ላይ ራሳችሁ የምትከፍሉትን እያንዳንዱን ነገር ከ487ቱ ልዩነት ላይ ቀንሺ። የውሃ ቢል። ሙሉ የቤት ኢንሹራንስ ከኮንዶ ኢንሹራንስ የሚበልጥበት ልዩነት። ጣሪያውንም አትርሺ። የታውንሃውስ ጣሪያ 12 ሺህ ዶላር ቢፈጅና 20 ዓመት ቢያገለግል በወር 50 ዶላር ነው። ያንን 50 ዶላር ማንም አይጠይቃችሁም፣ እናንተው ካላስቀመጣችሁት ግን ጣሪያው ያፈሰሰ ዕለት በአንዴ ይመጣል። ይህን ሁሉ ቀንሰሽ የሚተርፈው ቁጥር እውነተኛው ልዩነት ነው። እኔ ብዙ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ፣ ከጠበቁት በጣም አንሶ ሲያገኙት ይገረማሉ።

ታውንሃውሱ ጣሪያና ግድግዳውን በራሳችሁ ላይ የሚጥል መሆኑንም ከማኅበሩ ሰነድ አረጋግጪ። አንዳንዱ ታውንሃውስ መልኩ ታውንሃውስ ሆኖ በሕግ ኮንዶ ነው። ከውጭ በማየት አይታወቅም።

ቀጥሎ ካዝናው። ለሁለቱም ቤቶች ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የዘንድሮ በጀት፣ የሪዘርቭ ሒሳቡ አሁን ያለው ገንዘብ፣ እና የመጨረሻው ሪዘርቭ ስተዲ። ሪዘርቭ ስተዲ ማለት ባለሙያ መጥቶ የጋራ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ስንት ዓመት እንደቀረውና ለመቀየር ስንት እንደሚፈጅ የሚጽፍበት ጥናት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ማኅበራት ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ማስጠናት አለባቸው። ጥናቱ 9 ዓመት ያለፈው ከሆነ፣ ወይም «የለንም» ካሉሽ፣ ያ ራሱ መልስ ነው።

ጥናቱ ውስጥ አንድ በመቶኛ ቁጥር ታገኛለሽ። በካዝናው ያለው ገንዘብ በዚህ ጊዜ ሊኖር ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ነው። በሙያው የተለመደው መለኪያ እንዲህ ነው፦ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጠንካራ፣ ከ30 በታች አደገኛ፣ መሀሉ ጥንቃቄ የሚፈልግ። ኮንዶው 585 እያስከፈለ 75 በመቶ ላይ ከሆነ እኔ በደስታ አየዋለሁ። 585 እያስከፈለ 18 በመቶ ላይ ከሆነ ግን ሽሺ። ያ ማለት ብዙ ጊዜ ያንን ሁሉ እየከፈላችሁም ገንዘቡ ለዕለት ወጪ እያለቀ ነው፣ ወይም ማኅበሩ ቀድሞ ከባንክ የተበደረውን እየከፈለ ነው።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ላይ የሆነውን ታስታውሺ ይሆናል። ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የሚባለው ባለ 12 ፎቅ ኮንዶ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት ከፊሉ ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። ሕንፃው የተሠራው በ1981 ነበር። በ2018 አንድ መሐንዲስ በኮንክሪቱ ላይ ከባድ ጉዳት እንዳለ ጽፎ ነበር። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይተው በመጨረሻ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጅ ጥገና አጸደቁ። በካዝናው የነበረው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለነበር የየቤቱ ድርሻ ከ80 ሺህ ዶላር ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። ክፍያው ሊጀመር የሳምንት ዕድሜ ሲቀረው ነው ሕንፃው የወደቀው። እዚያ ከሞቱት መካከል ቤት ገዝተው የሚኖሩ፣ እንደ እናንተ ልጆች የሚያሳድጉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ ሕጓን አጠበቀች፣ ሜሪላንድም በ2022 ሪዘርቭ ስተዲን በክፍለ ግዛቱ ሁሉ ግዴታ አደረገች። እኔ ያ ዜና ከወጣ ወዲህ «ክፍያችን ዝቅተኛ ነው» ብሎ የሚኮራ ማኅበር ስሰማ ልቤ አይረጋም።

አሁን ወደ 98ቱ። ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ኤጀንትሽ እንዳያመልጣችሁ ያለችው እሱን ነው።

98 ዶላር በእርግጥ በቂ ሊሆን ይችላል። የጋራ የሆነው ነገር መግቢያው ላይ ያለው ምልክት፣ ትንሽ ሣርና የቆሻሻ መኪና ብቻ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቂ፦ መንገዱ የማን ነው? በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ የታውንሃውስ ሰፈር ውስጥ መንገዱና ፓርኪንጉ የመንግሥት አይደለም፣ የማኅበሩ ነው። በረዶውን የሚጠርገው ማኅበሩ ነው። አስፋልቱን የሚቀይረውም እሱ ነው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ፣ ከኋላ አፈሩን ደግፎ የያዘው ግንብ፣ የልጆች መጫወቻው፣ የመንገድ መብራቱ፣ እነዚህም የማኅበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የድጋፍ ግንብ ሲዘም ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበላ የሚያውቅ የደረሰበት ሰው ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ለምሳሌ ሰፈሩ 140 ቤት አለው እንበል። 140 ቤት በ98 ዶላር፣ በዓመት 164,640 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ ቆሻሻ፣ በረዶ፣ ሣር፣ ኢንሹራንስ፣ የማኔጅመንቱ ድርጅት ደመወዝ ይወጣል። ለካዝናው የቀረው 9 ሺህ ዶላር ነው እንበል። በካዝናው አሁን 104 ሺህ አለ። ጥናቱ ደግሞ አስፋልቱ ከ6 ዓመት በኋላ በ420 ሺህ ዶላር መቀየር አለበት ይላል። በ6 ዓመት የሚጨመረው 54 ሺህ ነው፣ ሲደመር 158 ሺህ። የሚጎድለው 262 ሺህ ዶላር። ለ140 ቤት ሲካፈል እያንዳንዱ ቤት 1,871 ዶላር ይደርሰዋል። ዛሬ ጀምረው ቢያስቀምጡት ኖሮ በወር 26 ዶላር ነበር። እንግዲህ ያ ሰፈር ትክክለኛ ክፍያው 124 ነው፣ 98ቱ ለታይታ ነው። በእርግጥ 1,871 ዶላር ቤት አያፈርስም። ነገር ግን ዋጋ ስትደራደሪ አውቀሽው መደራደርና ከገባሽ በኋላ በፖስታ ሲደርስሽ መደንገጥ አንድ አይደሉም።

የእናንተን ሰፈር ትክክለኛ ቁጥር አስገቢና ይህንኑ ሒሳብ ሥሪ። ካልኩሌተርና ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

አዲስ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ገንቢው ቤቶቹን እስኪሸጥ ድረስ ማኅበሩን የሚመራው ራሱ ነው። ክፍያው ዝቅ ያለ ሲመስል ቤቱ ይሸጣል። ገንቢው ሲወጣና ነዋሪዎቹ ሲረከቡ ክፍያው መዝለሉ የተለመደ ነው። መቼ እንደተረከቡ ጠይቂ።

የ5 ዓመት የክፍያ ታሪክም አምጡልኝ በያቸው። በየዓመቱ 3፣ 4፣ 5 በመቶ እየጨመረ የመጣ ማኅበር ሒሳቡን የሚከታተል ማኅበር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም ያልጨመረ ካለ ግን ደስ አይበልሽ። በእነዚያ ዓመታት የሠራተኛው ዋጋ፣ አስፋልቱ፣ በተለይ ኢንሹራንሱ ሁሉ ጨምሯል። የተቀነሰው ከአንድ ቦታ ነው፣ ያም ካዝናው ነው። ብዙ ጊዜ ቦርድ ላይ ያሉት ጡረተኞች ወይም ቤታቸውን ሊሸጡ ያሰቡ ሰዎች ናቸው፣ «እኛ እስካለን አይጨመር» ይላሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ኑሮው ከብዷቸው ነው። ሸክሙን የሚያነሳው ግን ቀጥሎ የሚገዛው ነው።

ኮንዶውን ለማነጻጸር ከፈለግሽ 585ን ለቤቱ ስፋት አካፍይው። 1,050 ስኩዌር ፉት ከሆነ በስኩዌር ፉት 56 ሳንቲም ገደማ ነው። ከዚያ በአካባቢው ካሉ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ፣ የሚሸፍኑት ነገር ተመሳሳይ ከሆኑ ሁለት ሦስት ሕንፃዎች ጋር አስተያዪው። መዋኛና ጂም ያለውን ከሌለው ጋር አታወዳድሪ። በተለይ ጥቂት ቤት ያለው ሕንፃ ሊፍትም መዋኛም ካለው ተጠንቀቂ፣ ወጪው የሚካፈለው ለጥቂት ሰው ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሁለቱንም ሰፈር በእግራችሁ ዙሩ። ኤጀንቷ አትኑር። ኮንዶው ጋ ወደ ጋራዡ ውረዱና ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ኮንክሪቱ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ መስመር አለ? ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ላይ ባልዲ ተቀምጧል? የደረጃው ብረት ተበልቷል? ታውንሃውሱ ጋ አስፋልቱን እዩት፣ እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጠቀ ከሆነ ዕድሜው እያለቀ ነው። ውሻ ይዞ የሚዞር ሰው ካገኛችሁ ሰላም በሉትና «በቅርቡ ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቀዋችሁ ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰው ይህን ሲጠየቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ያወጣዋል።

ባንኩን በተመለከተ፣ ኮንዶ ላይ ባንኩ እናንተን ብቻ ሳይሆን ሕንፃውንም ይመረምራል። ለዓመታት መነሻ ሆኖ የቆየው የፋኒ ሜይ (ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ድርጅት) መለኪያ ማኅበሩ ከበጀቱ ቢያንስ 10 በመቶውን ለሪዘርቭ እንዲያስቀምጥ፣ ከ60 ቀን በላይ ውዝፍ ያለባቸው ቤቶችም ከ15 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል። ይህን ያላሟላ ሕንፃ ውስጥ ብድር ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ እናንተ በሆነ መንገድ ብታገኙ እንኳ ነገ ስትሸጡ ገዢያችሁ ላያገኝ ይችላል። ያኔ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ደግሞ ዋጋ ይሰብራል። ስለዚህ የውዝፍ ከፋዮችን ቁጥር ጠይቂ። ፍርድ ቤት ያለ ክስ ካለም እንዲሁ።

ለኮንዶ ኢንሹራንስ ስትገዙ «ሎስ አሰስመንት» የሚባለውን ሽፋን አስጨምሩ። ሁሉንም ስፔሻል አሰስመንት አይሸፍንም፣ ለእርጅና የሚወጣውን አይነካውም። እሳት ወይም አውሎ ነፋስ በጋራው ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ማኅበሩ ሲያካፍላችሁ ግን ይረዳል።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ይህ ክፍያ ስናኮርፍ የምናስቀረው ነገር አይደለም። «በረዶውን አልጠረጉም፣ አልከፍልም» ማለት አይሠራም። ማኅበሩ ቤቱን በዕዳ ሊያስይዘው፣ ሲብስም ሊያሸጠው ይችላል።

ደንቦቹንም አንብቡ፣ ገንዘብ ባይሆኑም ኑሮ ናቸው። በተለይ ለእኛ ለሐበሾች ፓርኪንጉ። ታውንሃውሱ ሁለት ቦታ ብቻ ሰጥቶ እንግዳ መኪና የሚያስጎትት ከሆነ፣ ክርስትና ያላችሁ ቀን ወይም ልቅሶ የተቀመጣችሁ ሰሞን ምን ልትሆኑ ነው? ባለቤትሽ ታክሲ ወይም ጽሑፍ ያለበት የሥራ መኪና የሚነዳ ከሆነ ብዙ ማኅበር በቅጥሩ ውስጥ ማቆም ይከለክላል። ምድር ቤቱን አከራይተን ሞርጌጁን እንደግፋለን ብላችሁ ካሰባችሁም የኪራይ ደንቡ ምን እንደሚል እዩ።

ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ ቀን) ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ለማኅበሩ የሚከፈል ገንዘብ ሊኖር ይችላል፣ ብዙ ቦታ የሁለት ወር ክፍያ ያህል ነው። ከአሁኑ ጠይቂ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ገንዘብ እንዳያጥራችሁ።

ይህን ሁሉ ከየት ነው የማገኘው ትይኝ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጩ «ሪሴል ሰርቲፊኬት» የሚባለውን ሰነድ ከማኅበሩ አውጥቶ ሊሰጣችሁ ሕግ ያስገድደዋል። በጀቱ፣ ሪዘርቩ፣ የጸደቁ ተጨማሪ መዋጮዎች፣ ኢንሹራንሱ፣ ክሶች፣ ደንቦቹ፣ ያለፉት 6 ወራት የቦርድ ቃለ ጉባኤዎች እዚያ ውስጥ አሉ። ከፈረማችሁ በኋላ ከደረሳችሁ ሰነዱን በተረከባችሁ በ3 ቀን ውስጥ ምንም ምክንያት ሳትሰጡ ኮንትራቱን መሰረዝና ያስያዛችሁትን ገንዘብ ማስመለስ መብታችሁ ነው። ኮንትራቱ ላይ ከተስማማችሁ እስከ 7 ቀን ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ለኤጀንትሽ ከመፈረማችሁ በፊት «7 ቀን ይሁንልን» በያት። ይህን እያነበባችሁ ያላችሁ የሜሪላንድ ሰዎች፣ የእናንተ ለኮንዶ 7 ቀን፣ ለኤችኦኤ 5 ቀን ነው።

ሰነዱ መቶና ሁለት መቶ ገጽ ሊሆን ይችላል። ከቃለ ጉባኤዎቹ ጀምሪ። «ይተላለፍ»፣ «መሐንዲስ»፣ «ፍሳሽ»፣ «የዋጋ ማቅረቢያ ይሰብሰብ» የሚሉ ቦታዎችን በቀይ አስምሪ። የ6 ወሩ አልበቃኝም ካልሽ የሁለት ዓመቱን ጠይቂ፣ ደብቀው ከከለከሉሽ እሱንም መዝግቢው።

የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ ልጆች ስላሉዋችሁና የወር ወጪው ስለሚቀራረብ፣ ታውንሃውሱ ካዝናው ደህና ከሆነ እሱን ብትወስዱ ይሻላል ባይ ነኝ። ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎውን በቤት ቁጥር አካፍላችሁ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስላችሁ ጠይቁ፣ በ445 ሺህ ቤት ላይ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር መጠየቅ ነውር አይደለም። የጎደለው ከባድ ከሆነ፣ ኮንዶው ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ካዝና ካለው፣ ባለቤትሽን አስቀምጠሽ ሒሳቡን አሳዪው። ሁለቱም ጎዶሎ ከሆኑ ሌላ ቤት ፈልጉ። 11 ዓመት የታገሠ ሰው ሁለት ወር አይከብደውም፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

ሰነዱ የደረሰሽን ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የሪዘርቩን ገጽ ማንበብ ከከበደሽ ስምና አድራሻችሁን ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ በዚያው ምሽት እመልስልሻለሁ።